ቱቦላሬ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ለምን ይጎብጣል?

ጥያቄ፦ ብረት ሠሪው (አዳማ)

ክቡራን የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በርና መስኮት፣ የተንሸራታች በር ሐዲድ እንዲሁም ቀላል የጣሪያ ትሩስ የምንሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ አለን። በቅርቡ አንድ ደንበኛ የዩ ቅርጽ ያለው፣ 6 ሜትር የሚረዝምና መሐሉ ላይ መገጣጠሚያ የሌለው የወለል ሐዲድ አዘዘን። ገበያ ላይ ያገኘነው ቻናል በልክ ስላልተስማማን 80 በ40 በ2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ገዝተን፣ ሰፊዎቹን ሁለት ፊቶች ከመሐላቸው በግራይንደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጥቀን ከአንዱ ሁለት ሐዲድ ለማውጣት ወሰንን።

ቱቦላሬው ሳይሰነጠቅ በፊት ክር ወጥረን ስናየው የሚያስወቅስ ነገር አልነበረውም። ሁለቱ ግማሾች ሲለያዩ ግን ሁለቱም ደጋን ሠሩ። በጎናቸው አስተኝተን ስንለካቸው ጫፎቻቸው ወደ ጀርባቸው፣ ማለትም ከተቆረጠው ጠርዝ ተቃራኒ ወደሆነው ፊት ተቀልብሰዋል። የአንደኛው ጉብጠት መሐሉ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሌላኛው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይበልጥ የጎበጠው ደግሞ የፋብሪካው የብየዳ መስመር በጀርባው ላይ የሚገኘው ግማሽ ነው።

ሻጩ «በግራይንደር አግላችሁ ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል። የእኛ ፎርማን ደግሞ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው፣ ዕቃው መመለስ አለበት ባይ ነው። ማንን ልመን? ብረቱስ እንዲህ የሚሆን ከሆነ ለትሩስና ለዓምድ የምንጠቀምበት ያው ቱቦላሬ ያስተማምናል ወይ? በኦክሲጅን ችቦ አሙቀን ውጥረቱን ልናስለቅቀው እንችል እንደሆነም ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ ሮለርና ሻጋታ (መካኒካል መሐንዲስ)

ሰላም ወንድሜ። ከሁለቱ አስተያየቶች በአንዱም አልስማማም። ያዩት ነገር በቀዝቃዛው በተቀረጸ ቱቦ ሁሉ ውስጥ ያለ፣ ባለሙያዎች ሪዚዱዋል ስትረስ የሚሉት ቀሪ ውጥረት ነው፤ እርስዎ በመሰንጠቅዎ ገለጡት እንጂ አልፈጠሩትም።

ቱቦላሬው የሚያልፍበትን መንገድ ይመልከቱ። ላሜራው ወደ ፋብሪካው የሚገባው በጥቅል ነው፤ ሲጠቀለል አንድ ጊዜ ታጥፏል፣ ተፈትቶ ሲቃና ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ታጥፏል። ከዚያ በተደረደሩ ሮለሮች መካከል እያለፈ ቀስ በቀስ ወደ ክብ ቱቦ ይዞራል፤ ሁለቱ ጠርዞች በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኤሌክትሪክ ግለው በሮለር ግፊት ይጣበቃሉ፤ በመጨረሻም ክቡ ቱቦ ተጨምቆ አራት ማዕዘን ይይዛል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ክቡን ደረጃ ዘለው ማዕዘኖቹን በቀጥታ ያጥፋሉ፤ ያም ቢሆን ከብየዳው መስመር በቀር ሥራው ሁሉ የሚከናወነው ብረቱ ሳይሞቅ ነው። ብረት ደግሞ ከዪልድ ጥንካሬው (ቅርጹ ለዘለቄታው መለወጥ ከሚጀምርበት ልክ) አልፎ በቀዝቃዛው ሲታጠፍ ከቅርጹ ለውጥ ከፊሉ ቋሚ ይሆናል፣ ከፊሉ ግን እንደ ሞላ ወደነበረበት መመለስ ይፈልጋል፤ ጠርዞቹ ከተበየዱ በኋላ መመለሻ መንገዱ ተዘግቷል።

ለእርስዎ ጉዳይ የሚያስፈልገን በርዝመት አቅጣጫ የሚቀረው ውጥረት ነው። ላሜራው በወርዱ ሲታጠፍ ውጭኛው ገጽ በወርድ ስለሚለጠጥ በርዝመት ማጠር ይፈልጋል፣ ውስጠኛው ገጽ ደግሞ በወርድ ስለሚታመቅ በርዝመት መርዘም ይፈልጋል። ሁለቱም የአንድ ረጅም ቱቦ አካል ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይለቀውም፤ በዚህም የተነሳ ውጭኛው ገጽ በጉተታ፣ ውስጠኛው ገጽ በእመቃ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። የዚህ የገጽ ውጥረት መጠን በብዙ ልኬቶች ከብረቱ የዪልድ ጥንካሬ ግማሽ የሚደርስ፣ አንዳንዴም የሚያልፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሙሉው ቱቦ ቀጥ ብሎ የሚታየው ውጥረት ስለሌለበት ሳይሆን፣ እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ቡድኖች የሚጎትቱት ገመድ ባለበት እንደሚቆም፣ ተቃራኒዎቹ ውጥረቶች ስለተመዛዘኑ ብቻ ነው። አንደኛው ጀርባ ወደ ውጭ መቀልበስ ሲፈልግ ትይዩው ጀርባ በተቃራኒው ይቀለበሳል፣ በመካከላቸው ያሉት ጎኖች ደግሞ ሁለቱንም ይዘዋቸዋል። መጋዙ እነዚህን ጎኖች ሲለያይ ሚዛኑ ይፈርሳል፤ እያንዳንዱ ግማሽ አዲስ ሚዛን የሚያገኘው በመጉበጥ ነው።

በዚህ ላይ የብየዳው መስመር ይጨመራል። በብየዳ የጋለው ቀጭን መስመር ሲቀዘቅዝ መኮማተር ይፈልጋል፣ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ግን አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ መስመሩ በርዝመቱ ጠንካራ ጉተታ ይዞ ይቀራል። የሰነጠቁት ግማሽ ይህን መስመር በጀርባው ተሸክሞ ሲነጠል፣ ጀርባው አጥሮ ጫፎቹን ወደ ራሱ ይስባቸዋል። መስመሩ ያለበት ግማሽ አብልጦ የጎበጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የሻጩን ክስ ውድቅ የሚያደርገውም የጉብጠቱ አቅጣጫ ነው። በግራይንደርም ሆነ በፕላዝማ የጋለ ጠርዝ ሲቀዘቅዝ የሚያጥረው ራሱ ጠርዙ ስለሆነ፣ ጥፋቱ የሙቀት ቢሆን ኖሮ ጫፎቹ ወደተቆረጠው ጠርዝ ይሳቡ ነበር። የእርስዎ ግን በተቃራኒው ነው። እንዲያውም የግራይንደሩ ሙቀት ጉብጠቱን በጥቂቱ ሳይቀንስልዎ አልቀረም። የፎርማንዎንም ሐሳብ ብንወስድ፣ ለእንዲህ ያለ ቱቦ የወጣው የአውሮፓ ደረጃ ኢኤን 10219 ለአራት ማዕዘን ቱቦ የሚፈቅደው ጉብጠት ከጠቅላላ ርዝመቱ 0.15 በመቶ ነው፤ ይህም ለ6 ሜትር 9 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። መለኪያው የሚያገለግለው ግን ለሙሉ ቱቦ ነው። ፋብሪካው ቱቦው ለሁለት ሲሰነጠቅ ቀጥ ብሎ እንደሚቀር ለማንም ቃል አልገባም፤ ስለዚህ የመመለስ ጥያቄው የሚያስኬድዎ አይመስለኝም።

20 ሚሊ ሜትር ብዙ ቢመስልም መነሻው ትንሽ ነው። የጉብጠቱን ስምንት እጥፍ በርዝመቱ ካሬ ካካፈልነው የቅስቱን መጠን እናገኛለን፤ ያንን በግማሹ ጥልቀት 40 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎም በብረት የመለጠጥ ልክ 210,000 ሜጋፓስካል (አንድ ሜጋፓስካል በካሬ ሚሊ ሜትር አንድ ኒውተን ነው) ስናባዛው በጀርባውና በከንፈሩ (በተቆረጠው ጠርዝ) መካከል የነበረው የውጥረት ልዩነት 37 ሜጋፓስካል ገደማ ሆኖ ይገኛል። ገጹ ላይ ካለው ውጥረት ጋር ሲነጻጸር ይህ ጥቂት ነው። ከዚሁ ስሌት የሚወጣ ሌላ ቁም ነገር አለ፤ ጉብጠቱ የሚያድገው በርዝመቱ ካሬ ስለሆነ 6 ሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር ከጎበጠ፣ ከዚያው የሚወጣ 3 ሜትር 5 ሚሊ ሜትር፣ 1.5 ሜትር ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ያለፈ ብቻ ይጎብጣል።

መልስ 2፦ ዲስክና መዶሻ

የመሐንዲሱ ማብራሪያ ግሩም ነው፤ እኔ ከሥራው በኩል ጥቂት ልጨምር። ለአጫጭር ሥራ ከሆነ መጀመሪያ በሚፈለገው ርዝመት ቆርጦ ከዚያ መሰንጠቅ እንጂ፣ 6 ሜትሩን ሰንጥቆ ከዚያ መቆራረጥ አይገባም፤ የሁለተኛው መንገድ ጉዳት የተጎበጠ ብረት በማሽን ላይ ለማስተካከል የሚባክነው ጊዜ ነው። ስትሰነጥቁም በየግማሽ ሜትሩ ጣት የምታህል ድልድይ ሳትቆርጡ ተዉና ሁለቱን ፊቶች እኩል እያስኬዳችሁ ጨርሱ፣ ድልድዮቹን በመጨረሻ በእጅ መጋዝ በጥሷቸው። ይህ ብረቱ በሥራ መሐል ዲስኩን ጨምቆ እንዳይሰብረው ይጠብቃል፤ የተሰበረ ዲስክ ፊት ላይ ምን እንደሚያደርስ ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ውስጡ የተቆለፈውን ውጥረት ግን ድልድይ አያጠፋውም፤ ድልድዮቹ ሲበጠሱ ጉብጠቱ ያው ይመጣል።

ትዕዛዙ ተደጋጋሚ ከሆነ ከላሜራ በማጠፊያ ማሽን ማሳጠፍ ይሻላል፤ እንደ ቱቦላሬ የተዘጋ ስላልሆነ ሲታጠፍ የሚመለሰውን ያህል ወዲያው ይመለሳል። ችግሩ በየሰፈሩ ያሉት ማጠፊያዎች አብዛኛዎቹ 6 ሜትር የማይደርሱ መሆናቸው ነው።

ብረት ሠሪው

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሻጩን ስልክ ቁጥር ከማገዴ በፊት እንኳን ጠየቅኋችሁ። አሁን ሁለት ነገር ላስቸግራችሁ። አንደኛ፣ ላቦራቶሪ ሳልሄድ ይህ ውጥረት ምን ያህል እንደሆነ በወርክሾፕ ውስጥ መገመት ይቻላል? ሁለተኛ፣ የትሩሱና የዓምዱ ጥያቄ አልተመለሰልኝም።

መልስ 3፦ ልኬት ወዳዱ (የቁሳቁስ ምርመራ ባለሙያ)

ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም ጥሩ የእጅ መጋዝ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያና ካሊፐር ብቻ ነው። ዘዴው ብረቱን ቆርጦ ነጻ ማውጣትና ሲለቀቅ ምን ያህል ቅርጹን እንደሚለውጥ መለካት ነው። ግራይንደር ለዚህ አይሆንም፣ ሙቀቱ ልኬቱን ያበላሸዋል፤ በእጅ መጋዝ፣ ውሃ ወይም ዘይት እያጠጡ፣ ሳይቸኩሉ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ለርዝመት አቅጣጫ ውጥረት ከቱቦላሬው ጠፍጣፋ ፊት መሐል፣ ከማዕዘኖቹ ራቅ ብሎ፣ ወርዱ 15 ሚሊ ሜትር ርዝመቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ያውጡ። ቁራጩ ጫፎቹን ወደ ውጭኛው ገጽ አቅጣጫ ቀልብሶ ይወጣል። ማስመሪያ በሁለቱ ጫፎች ላይ አስደግፈው መሐሉ ላይ ያለውን ክፍተት ይለኩ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር በሆነው የእርስዎ ብረት ላይ ክፍተቱ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ገጹ ላይ የነበረው ውጥረት 150 ሜጋፓስካል ያህል ነበር ማለት ነው። ውጥረቱ ከክፍተቱ ጋር በቀጥታ ስለሚሄድ፣ 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 75 ብለው መቁጠር ይችላሉ።

ለክብ ቱቦ ደግሞ ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ። ርዝመቱ ከዲያሜትሩ ሦስት እጥፍ የሆነ ቁራጭ ወስደው ውጭኛውን ዲያሜትር በመሐሉ ላይ ይለኩ፤ ከዚያ ቁራጩን በአንድ በኩል ብቻ በርዝመቱ ሰንጥቀው እንደገና ይለኩ። በዙሪያው ጉተታ ያለበት ቱቦ ይከፈታል፣ ዲያሜትሩም ያድጋል። ለምሳሌ 60 ሚሊ ሜትር የነበረው ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ወደ 61.5 ቢከፈት፣ በውጭኛው ገጽ ላይ የነበረው የዙሪያ ውጥረት 190 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ለዚህ አሠራር ኤኤስቲኤም ኢ1928 የሚባል የአሜሪካ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ደረጃው ራሱ የሚያወራው ስለ ግምት እንጂ ስለ ትክክለኛ ልኬት እንዳልሆነ ግን ያስታውሱ።

የላቦራቶሪዎቹ ዘዴዎችም ከዚህ ሐሳብ ብዙም አይርቁም። ጀርመናዊው ማታር በ1934 ያስተዋወቀው ዘዴ ብረቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በድሪል በስቶ በዙሪያው ያለው ብረት ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ መለካት ነው፤ ዛሬ ይኸው በስትሬን ጌጅ (ብረቱ ላይ ተለጥፎ ጥቃቅን መለጠጥን በሚለካ መሣሪያ) ይሠራል። ኤክስሬይ ብረቱን ሳይቆርጥ ይለካል፣ ነገር ግን የሚያየው ከገጹ እጅግ ስስ የሆነውን ንብርብር ስለሆነ ገጹ በሽቦ ብሩሽ የተፋቀ ብረት አምጥቶ ማስለካት ብሩሹን ማስለካት ይሆናል።

መልስ 4፦ የዓምድ ሒሳብ (ስትራክቸራል መሐንዲስ፣ ቶሮንቶ)

የትሩሱን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። በጉተታ ብቻ የሚሠራ የትሩስ አካል ላይ ቀሪ ውጥረት የመጨረሻውን አቅም አይቀንስም። ምክንያቱም አስቀድሞ የተወጠረው ክፍል ቶሎ ዪልድ ሲያደርግ ተጨማሪውን ጭነት ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ ብረቱ ሳይሰበር መለጠጥ የሚችል እስከሆነ ድረስ ሁሉም ክፍል በተራው ይደርሳል፤ ውጥረቶቹም ሲደመሩ ዜሮ ስለሚሆኑ በመጨረሻ የሚጎድል ነገር የለም።

በእመቃ የሚሠራው፣ በተለይም ቀጠን ብሎ የሚረዝመው ዓምድ ግን ሌላ ነው። ዓምድ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ብረቱ ስለደከመ ሳይሆን ወደ ጎን ስለሚጎብጥ ነው፣ እንዳይጎብጥ የሚይዘው ደግሞ ግትርነቱ ነው። ውስጠኛው ገጹ ቀድሞውኑ የታመቀ ቱቦ ላይ ጭነት ሲጨመር ያ ገጽ ከሌላው ቀድሞ ዪልድ ያደርጋል፤ ዪልድ ያደረገ ብረት ለግትርነት የሚያዋጣው ስለሌለ ዓምዱ ከተጠበቀው ጭነት በታች ይጎብጣል። የአውሮፓ የብረት መዋቅር ዲዛይን ኮድ የሆነው ዩሮኮድ 3 ይህንን በግልጽ ይዞታል፦ በሙቅ ለተጠናቀቀ ቱቦ፣ ማለትም ለኢኤን 10210፣ የመጉበጫ መስመር (ዓምድ በቅጥነቱ ምክንያት ከሙሉ አቅሙ ምን ያህሉን እንደሚይዝ የሚያሳይ መስመር) «ኤ»ን ሲፈቅድ በቀዝቃዛው ለተቀረጸው ግን መስመር «ሲ»ን ያዝዛል። መካከለኛ ቅጥነት ላለው ዓምድ፣ አንጻራዊ ቅጥነቱ 1.0 በሆነበት ቦታ፣ የመጀመሪያው 0.67 የሚሆን ማባዣ ሲሰጥ ሁለተኛው 0.54 ይሰጣል። ልዩነቱ 20 በመቶ ያህል ነው። የልዩነቱ ምክንያት ቀሪ ውጥረቱ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፣ የሁለቱ ብረቶች የዪልድ ጠባይም ይለያያል፤ ዋነኛው ተጠያቂ ግን እሱ ነው። የአገራችን የሕንፃ ኮድም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ዩሮኮድን ስለተከተለ፣ ዓምዱን ያሰላው መሐንዲስ ትክክለኛውን መስመር ከወሰደ የእርስዎ ቱቦላሬ ጉዳይ በሒሳቡ ውስጥ ተካቷል። የሚያሳስበው ዲዛይኑ ለሙቅ ቱቦ ተሠርቶ ግዥው በቀዝቃዛ ቱቦ ሲፈጸም ነው፤ ሁለቱን በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር ወረቀቱን መጠየቅ ግድ ነው።

እኔ በምሠራበት በካናዳ ይኸው ነገር በሁለት መደብ ተከፍሏል። በቀዝቃዛው ተቀርጾ እንዲሁ የሚሸጠው «መደብ ሲ» ሲባል፣ ከተቀረጸ በኋላ ቢያንስ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሞቆ በአየር የቀዘቀዘው «መደብ ኤች» ይባላል፤ ኮዱም ለሁለተኛው የተሻለ የዓምድ አቅም ይፈቅድለታል። ቅርጹ፣ ልኩ፣ ሌላው ቀርቶ ስመ ጥንካሬው አንድ ሆኖ ሳለ የሚለያቸው ምድጃው ነው። ዋጋውም እንደዚያው ይለያያልና እኔ በግሌ ለአጭርና ወፍራም ዓምድ «ኤች» እንዲገዛ አላዝዝም።

መልስ 5፦ ዚንክና ናስ (ዱባይ)

ቀሪ ውጥረት በጣም የሚያስፈራው ብቻውን ሲሆን ሳይሆን የሚያግዘው ነገር ሲያገኝ ነው። የምሠራው ብረት በዚንክ በሚነከርበት ድርጅት ውስጥ ስለሆነ የማየውን ልናገር። የቀለጠው ዚንክ 450 ዲግሪ ገደማ ነው። ግድግዳው ወፈር ያለና ማዕዘኑ በጣም ጠበብ ተደርጎ የታጠፈ ቱቦላሬ ወደዚህ ገንዳ ሲገባ፣ በጉተታ ላይ ባለው ማዕዘን ዚንኩ ወደ ብረቱ ቅንጣቶች መጋጠሚያ ሰርጎ ማዕዘኑን በርዝመቱ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስንጥቁን ዚንኩ ራሱ ስለሚሸፍነው ሳይታይ ማለፉ ነው ክፋቱ። ኤኤስቲኤም ኤ143 የተባለው ደረጃ በቀዝቃዛው የሚታጠፍ ብረት የመታጠፊያ ሬዲየሱ ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ እንዳያንስ ይመክራል፤ ከዚያ የጠበበ ከሆነ ከመነከሩ በፊት በ595 ዲግሪ ሙቀት፣ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት፣ ውጥረቱ እንዲለቀቅ ያዝዛል። ለእርስዎ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ብረት ይህ ስጋት ዝቅተኛ ነው። የሚያሰጋዎ ሌላ ነው፦ ቱቦላሬ ወደ ዚንክ ሲላክ አየር ማስወጫ ቀዳዳ ካልተበሳለት ውስጡ የቀረው እርጥበት ተንኖ ሊያፈነዳው ይችላል።

የናስ ቱቦ ደግሞ ከብረት የባሰ ነው። በቀዝቃዛው የተሳበ ናስ ማንም ሳይነካው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሊሰነጠቅ ይችላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናቡ ወራት በፈረስ ጋጣዎች ያከማቻቸው የናስ የጥይት ቀለሆች ተሰነጣጥቀው ተገኙ። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1921 ባሳተሙት ሥራ ምክንያቱን አስረዱ፦ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከቀለሆቹ ቀሪ ውጥረት ጋር ተባብሮ ነበር። ናስን ለዝብ ባለ ሙቀት፣ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ማሳረፍ ጥንካሬውን ብዙም ሳይቀንስ አደጋውን ያስቀራል። በዶሮ ቤት ወይም በመጸዳጃ ቤት አጠገብ የናስ ቱቦ የምታከማቹ ካላችሁ ቦታውን ለውጡ።

ብረት ሠሪው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጠየቅሁትንም ያልጠየቅሁትንም አገኘሁ። የቀረኝ የችቦው ነገር ነው። ሁለቱን የጎበጡ ሐዲዶች አሙቄ ላቃናቸው ወይስ ለቁርጥራጭ ልሽጣቸው?

መልስ 6፦ ሮለርና ሻጋታ

ውጥረትን በሚገባ ለማስለቀቅ ሙቀቱ በሙሉ ርዝመቱ እኩል መሆን፣ 550 ዲግሪን ማለፍና ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት፤ ይህም 6 ሜትር የሚይዝ ምድጃ ይጠይቃል። ችቦ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በየነጥቡ አዲስ ውጥረት ይተክላል። በያጆች ይህንኑ ጠባይ ለማቃናት ይጠቀሙበታል፤ በእርስዎ ሐዲድ ላይ የረዘመው በኩል ከንፈሩ ስለሆነ፣ ከንፈሩን በየቦታው ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አሙቆ መተው ሲቀዘቅዝ አሳጥሮ ያቃናዋል። 2 ሚሊ ሜትር በሆነ ብረት ላይ ግን ከንፈሩ ሊሸበሸብ ስለሚችል እጅ ያልለመደው ሰው ባይሞክረው እመርጣለሁ።

ደግሞም የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። የዚህን ግማሽ ግትርነት አስልቼው ነበር፤ በሁለት ጫፎቹ ተደግፎ መሐሉ ላይ የ20 ሚሊ ሜትሩን ጉብጠት ለማቃናት የሚበቃው ኃይል 37 ኒውተን ያህል፣ ማለትም 4 ኪሎ የማይሞላ ክብደት ነው። ሐዲዱ ራሱ ደግሞ 11 ኪሎ ይጠጋል። በጎኑ አስተኝተው ስለለኩት ነው ክብደቱ ሳያግዝ ጉብጠቱ ጎልቶ የታየው። አሁን ጀርባውን ወደ ታች፣ አፉን ወደ ላይ አድርገው በተስተካከለ ወለል ላይ ያስቀምጡት። ጫፎቹ ወደ ጀርባ ስለተቀለበሱ መሐሉ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ነገር ግን የራሱ ክብደት አጎንብሶ ወለሉ ላይ ያሳርፈዋል። በየ50 ሴንቲ ሜትሩ በቦልት ሲያስሩት የሚቀርበት ተጨማሪ ውጥረት 25 ሜጋፓስካል እንኳ አይደርስም፤ ለወለል ሐዲድ ይህ ከምንም አይቆጠርም። አነስተኛ ጉብጠት ያለው ግማሽ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። ቦልቱን ከአንድ ጫፍ ጀምረው ወደ ሌላው እየሄዱ ይሰሩት፤ ሁለቱን ጫፎች አስቀድመው ካሰሩ መሐሉ ላይ የሚተርፈው ርዝመት ወደ ጎን ይገፋዎታል። ከመሸጥዎ በፊት ግን የከንፈሮቹን ክፍተት በካሊፐር በየሜትሩ ይለኩ፤ ሲሰነጠቅ በወርዱም ጠበብ ወይም ሰፋ ብሎ ከሆነ የበሩን ጎማ የሚይዘው እሱ ነው።